በሞቴ ብሎ ያጎረሰን ሰው

ስማኝማ፤ ሥራህን ተወውና ይችን ብቻ ስማኝ። እዚህ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ሰውየ አለ፣ እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ዓሣ በሰላም የማይበላ። ሌላ ምንም አላደርገውም። አልመታውም፣ አልሰድበውም፣ የቤቱን ቆርቆሮ በድንጋይ አልደበድብም። ምሳውን ብቻ ነው የማበላሽበት። ለምን እንደሆነ ልንገርህና አንተው ፍረድ።

የቀሰቀሰብኝ ጠረን ነው። ያ መንግሥት ወድቆ፣ እኛም ጠመንጃችንን ጥለን በእግራችን አገር አቋርጠን ከመጣን በኋላ፣ የብስክሌት መጠገኛየን እንደገና ከፍቼ ነበር። አንድ ዓርብ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ የአንዱን ሰንሰለት ግራሶ እየቀባሁ ሳለሁ ከሐይቁ በኩል ነፋስ መጣ። የሚጠበስ ዓሣ፣ የጋለ የኑግ ዘይት፣ ከሥር ከሥሩ ደግሞ ያ የረጠበ የሐይቅ ዳር ደንገል ጠረን። አፌ ምራቅ ሞላ። ለውትድርና ከሄድሁ ጀምሮ ዓሣ ቀምሼ አላውቅም ነበር። ሰንሰለቱን ጣልሁና፣ እጄ እንደጠቆረ፣ ጠረኑን እንደ ውሻ ተከትዬ ሄድሁ።

በሩ ያው ነው። ሰማያዊው ቀለም ተልጧል እንጂ በሩ ያው ነው። ገባ ስል ጥግ ላይ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይበላል። ፊቱን አላየሁም። እጁን ነው ያየሁት። ቀኝ እጁን፤ እጅጌው እስከ ክርኑ ተጠቅልሎ፣ እንጀራውን ቆንጠር፣ ዓሣውን ጠቅለል፣ አዋዜ ነካ፣ ከዚያ ከአፉ ፊት ትንሽ ቆም ያደርገዋል፣ እንደሚባርክ ቄስ። ያን እጅ አውቀዋለሁ። ያ እጅ አፌ ውስጥ ገብቶ ያውቃል።

ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምርልህ።

ያኔ ጎረምሶች ነን። እኔ ትምህርቱን ከዘጠነኛ ክፍል አቁሜ ብስክሌት እጠግናለሁ። ጓደኛየ የጨርቅ ነጋዴዋ ልጅ ነው፤ እናቱ ከወረታ የመጡ እስላም ናቸው፣ ገበያ ውስጥ አቡጄዲና ሻሽ ይሸጣሉ። ሦስተኛችን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ልጅ ነበር። እንዴት ከሊቀመንበር ልጅ ጋር ገጠማችሁ አትበለኝ፤ ልጅ አባቱን አይመርጥም። የሚነዳው ብስክሌት ሁልጊዜ ይሰበርበታል፣ እኔ እጠግንለታለሁ፣ እንዲያ እንዲያ እያልን ተዋደድን።

ያን ጊዜ ባሕር ዳር ለእኛ የዓለም መጨረሻዋ ከተማ ናት። ኪሳችን ውስጥ ሳንቲም ከተንኳኳ ቤታችን አንበላም። እናቶቻችን ወጥ ሠርተው ይጠብቁናል፣ እኛ መንደር ለመንደር ስንዞር እንውላለን። ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ አንዲት ሴትዮ ሽሮዋን ከነሸክላው እየተንተከተከ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥልሃለች፤ ምላስህን ካላቃጠልህ የበላህ አይመስልህም። ገበያው ጥግ ቅቅል ቤት አለ፣ ሾፌርና ተሸካሚ ትከሻ ለትከሻ ተፋፍጎ መረቅ የሚምግበት፣ ግድግዳው ሁሉ ላብ ያላበው። ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው መንገድ ደግሞ ከየአገሩ የመጡት ደመወዝተኞች የሚበሉት ፓስታ ቤት ነበር። እዚያ ስንገባ ሰው መስለን ለመታየት ሹካ እንይዛለን፣ ከዚያ የሊቀመንበሩ ልጅ ሹካውን ያስቀምጥና «እጅ ምን አደረገህ?» ብሎ ፓስታውን በእንጀራ ይጠቀልለዋል። ደመወዝተኞቹ ዞር ብለው ያዩናል። እኛ እንስቃለን። ሆዳችንን እስኪያመን ነበር የምንስቅ።

ሥጋ ሲያምረን ግን እንለያያለን። የነጋዴዋ ልጅ የእስላም ሥጋ ቤት ይሄዳል፣ እኛ የክርስቲያኑ ጋ። ባርኮ የሚያርደው ይለያያላ፤ የአገሩ ደንብ ነው፣ ማንም ቅር አይለውም። በልተን ስንጨርስ መንገድ ላይ እንገናኝና አንዳችን በሌላችን ሥጋ እንቀልዳለን። «የእናንተው በሬ በእርጅና ነው የሞተው፣ ጥርስህን ተመልከተው» ይለኛል።

ዓሣ ግን አይታረድም። ከውሃ ሲወጣ ይሞታል፣ አለቀ። ቄስም ሼህም አይነካው። ስለዚህ የእሱም ነው፣ የእኔም ነው፤ በአንድ ትሪ ይበላል። ዓርብ ደግሞ የእኛ ጾም ነው፣ የእሱ ጁምዓ ነው። ከመስጊድ ሲወጣ በሩ ላይ ብስክሌት ይዤ እጠብቀዋለሁ፣ ኋላ ወንበሬ ላይ አስቀምጨው ዘንባባ ለዘንባባ በአስፋልቱ እንወርዳለን። የሊቀመንበሩ ልጅ ቀድሞን ዓሣ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ይጠብቀናል።

ዓሣ ቤቷን የምትይዘው ሴት እትየ ነው የምንላት። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፣ ቆርቆሮ፤ ፀሐይ ሲመታው ጣ፣ ጣ ይላል። ደጁ ላይ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል አለ፣ ሳሙናው እንዳይሰረቅ በሲባጎ ታስሯል። ከኋላ በር ሐይቁ ይታይሃል። ታንኳዎቹ ከዘጌ እንጨት ጭነው ሲመጡ ውሃው ላይ የተኛ ደን ነው የሚመስሉት። ዓሣ አጥማጆቹ ጠዋት ያመጡትን ቆሮሶ ዓሣ እትየ ጎንና ጎኑን ትበጣውና ሙሉውን ዘይት ውስጥ ትጥለዋለች። ጭርር ሲል ወሬያችንን እናቆማለን። ከዚያ ሎሚዋን፣ አዋዜዋን፣ ትኩስ እንጀራዋን። እኛ ትሪ ላይ ስታቀርብ ግን ዓሣውን ቀድማ በቢላዋ ሦስት ቦታ ትለየዋለች።

«እናንተ ጅቦች፣ ኋላ እዚህ እንዳትደባደቡብኝ» ትላለች።

የነጋዴዋ ልጅ «ቢስሚላህ» ይላል። እኔ አማትባለሁ። የሊቀመንበሩ ልጅ ወደ ጣራው ያይና «እኔ ምን ልበል? በአባቴ ወንበር ይባረክልን?» ይላል። በየሳምንቱ ያችኑ ቀልድ ነው፣ በየሳምንቱ እንስቃለን።

የነጋዴዋ ልጅ አበላሉ ሌላ ነው። እኔ እንደ እብድ እጎርሳለሁ፣ እሾህ ይወጋኛል፣ እተፋለሁ። እሱ ግን ጣቱ የልብስ ሰፊ ጣት ነው። እሾሁን አንድ በአንድ እየነቀሰ ከትሪው ዳር ይደረድረዋል፣ ንጹሑን ሥጋ ደግሞ ሳይታወቅበት ወደ እኔ ገፋ ያደርገዋል። «አንተ እስክትሞት ቆሜ አላይም፣ ብላ» ይለኛል። የራሱን መጨረሻ ነው የሚበላ። ለዚህ ነው ሁልጊዜ የሚዘገየው።

አባትየው፣ ሊቀመንበሩ፣ እሱም ዓርብ ዓርብ እዚያ ነው የሚበላ። ስብሰባ ላይ እግዚአብሔር የለም ይላል፣ ዓርብ ግን ሥጋ በአፉ አይዞርም። ድሮ ዲያቆን ነበር ይባላል። እትየ ከሁሉ ትልቁን ዓሣ ለእሱ ታቀርባለች፣ ወዳው አይደለም። እሱ ሲገባ ቤቱ ጸጥ ይላል። ካኪውን ለብሶ፣ ከኋላው አብዮት ጠባቂ አስከትሎ፣ ጥጉን ይዞ ይቀመጣል። እኛን ቀና ብሎ አያየንም። ልጁ እንኳ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚበላ።

ከዚያ የውትድርናው ነገር መጣ። ቀበሌው ኮታ ተሰጠው፤ ይህን ያህል ወጣት አምጣ ተባለ። መንገዱ ከጎረምሳ ተራቆተ። አንዱ ሰባታሚት ገጠር ዘመዱ ቤት ገብቶ ጎታ ሥር ይተኛል፣ ሌላው የሴት ነጠላ ተከናንቦ ያልፋል። እኔ አክስቴ ቤት ቆጥ ላይ ወጣሁ። የነጋዴዋ ልጅ ታንኳ ተሳፍሮ ዘጌ ገባ፤ እናቱ ቡና የሚያመጣላቸው ደንበኛ እዚያ አላቸው። ቡናው ጫካ ውስጥ ተደብቆ ከረመ። ገበያ ውስጥ እናቱን ልጅዎ የት ሄደ የሚላቸው ሲኖር «ጭልጋ ዕቃ ሊያመጣ» ይላሉ። ያን ያህል ከርሞ ዕቃው አለመምጣቱን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

አንድ ቀን የሊቀመንበሩ ልጅ አክስቴ ቤት እየሮጠ መጣ። ደስታው ፊቱ ላይ ነበር።

«ውረድ፣ አልቋል» አለኝ። «አባቴ ትናንት እራት ላይ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ። ኮታው ሞልቷል፣ ከእንግዲህ ሰው አንፈልግም አለ።»

«በእውነት?»

«በጆሮየ ነው የሰማሁት። ጮክ ብሎ ነው የተናገረ።»

ጮክ ብሎ። አየህ፣ ያ ሰው ቤቱ ውስጥ ጮክ ብሎ ተናግሮ አያውቅም። ልጁ ማን ማን ጋ እንደሚሮጥ ያውቃል። የገዛ ልጁን አፍ የዓሣ መንጠቆ አደረገው፣ ልጁ ግን ምን ያውቃል፤ መንጠቆው መንጠቆ መሆኑን አያውቅም። ለዘጌውም ሰው ላክንበት። ዓርብ ጠዋት የነጋዴዋ ልጅ በእንጨት ጫኝ ታንኳ መጣ። ከስቶ፣ ፀጉሩ ጎፍሮ፣ ሸሚዙ ጭስ ጭስ ይሸታል። ስንተቃቀፍ የመጀመሪያ ቃሉ ምን ነበር መሰለህ?

«ወላሂ ቆሎ አስጠላኝ። ዓሣ አብሉኝ።»

እናቱን ስሞ፣ ጁምዓውን ሰግዶ፣ ኋላ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። በአስፋልቱ ስንወርድ ነፋሱ ሸሚዙን ይነፋዋል፤ እጁን ዘርግቶ በደረሰበት የዘንባባ ግንድ መታ መታ ያደርጋል። ያን የሚያክል ቀን አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

እትየ ስታየው እጇን ከዘይቱ አንስታ ጉንጩን ያዘችው። «አጥንት ብቻ ሆንህብኝ፣ ልጄ» አለችና ከመጣው ሁሉ ትልቁን ዓሣ፣ የሊቀመንበሩን ዓሣ፣ ለእኛ ጣለችው። በቢላዋዋ ሦስት ቦታ ለየችው። «ቢስሚላህ።» «በስመ አብ።» «በአባቴ ወንበር።» ሳቅን።

ገና ትንሽ እንደቀመስን አባትየው ገባ።

ለብቻው ነበር። ካኪ የለ፣ አብዮት ጠባቂ የለ፤ ሹራብ ብቻ ለብሷል። ደንብ ነውና ከመቀመጫችን ብድግ አልንና «ኖር» አልነው። «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ ልጆች» አለ። እግዜር የለም የሚል ሰው «በእግዜር» ሲል የነጋዴዋ ልጅ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ፤ ሳቄን ዋጥሁ። ከዚያ ደግሞ ምግብ ላይ የተቀመጠ ሰው ለመጣ ሰው ምን ይላል? «እንብላ» አልነው። የትም ያደገ ልጅ ይላል። ሌላ ቀን ሰምቶን አያውቅም። ያን ቀን በርሜሉ ጋ ሄደ፣ እጁን ታጠበ፣ እጅጌውን ጠቀለለና መጥቶ በእኛ ትሪ ተቀመጠ።

ፈራን፣ ደስም አለን። ሁለቱንም። ሊቀመንበር እኛን ሰው ብሎ ከእኛ ጋር በላ ብለን።

«አንተ» አለው ልጁን፣ «እናትህ ትፈልግሃለች።»

«ምሳየን ጨርሼ እሄዳለሁ፣ አባባ።»

«አሁን ሂድ።»

«ቀምሼ እንኳ መች …»

«ሂድ አልሁህ።»

ልጁ ጣቱን እየላሰ ተነሣ። የነጋዴዋ ልጅ ከኋላው «የእማማ ሙሽራ፣ አታስብ፣ ድርሻህን እኔ እጨርስልሃለሁ» አለው። በሩ ላይ ዞር ብሎ በአውራ ጣቱ ጉሮሮውን ቆረጥ የማድረግ ምልክት አሳየን፣ እየሳቀ፣ ቆዩኝ አሳያችኋለሁ ለማለት። ወጣ። አባትየው ልጁን ሲያባርረው አንዲት ጉርሻ እንኳ አላጎረሰውም። ከገበታ የሚነሣን ልጅ ሳያጎርሱ የሚያስነሣ አባት አይተህ ታውቃለህ? እኛም አላየንም ነበር። ስለማናውቀውም አልገባንም።

ከዚያ ወደ እኛ ዞረ። የመጀመሪያዋን ጠቀለለ፣ ትልቅ፣ ከአፉ ፊት ቆም እንደሚያደርጋት ቆም አደረጋትና ወደ ነጋዴዋ ልጅ ዘረጋት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይብሉ እንጂ» አለ ልጁ እያፈረ።

«በሞቴ።»

በሞቴ ከተባለ ምን ይደረጋል? አፉን ከፈተ፣ ጎረሰ። ቀጥሎ ለእኔ። እኔም ጎረስሁ። የሎሚው ኮምጣጣ፣ የጣቱ ሳሙና፣ እስካሁን ምላሴ ላይ አለ።

እትየ ከምድጃዋ መጣች። ከኋላ በር በኩል ወጥታ ነበር፤ ምን እንዳየች ያን ጊዜ አላወቅንም። ፊቷ አመድ መስሏል። «ተነሡ ልጆች፣ ቤት ልዘጋ ነው» አለች።

ቀትር ነው። ምጣዱ ላይ ዓሣ እየተጠበሰ ነው። ሌላ ሁለት ጠረጴዛ ሰው አለ።

«ምነው እትየ፣ ገና አሁን ቀረበ» አልኋት።

ጎንበስ አለችና ትሪውን በሁለት እጇ ያዘችው፣ ልታነሣው። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሰው እየበላ ትሪ ይነሣል? የነጋዴዋ ልጅ እየሳቀ በሌላው በኩል ያዘው። «እትየ፣ ዘጌ ያስራበኝ አንሶ ነው?» አላት። ዓይኑን ዓይኑን ታየዋለች። ሊቀመንበሩ እጁን በእጇ ላይ አሳረፈ፣ ቀስ ብሎ።

«እትየ፣ እንግዳ ከገበታ ይነሣል እንዴ? ነውር አይደለም?»

ትሪውን ለቀቀች። የአዋዜው ስኒ ተገልብጦ ነበር፣ በመቀነቷ ጠራረገችውና ሄደች።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለ ሊቀመንበሩ፣ ሁለተኛዋን እየጠቀለለ። «በሞቴ።» ጎረስን። ሦስተኛዋን ጠቀለለ። የነጋዴዋ ልጅ በእጁ ከለከለ፤ «በቃኝ ጋሼ፣ ወላሂ፣ የራሴን እንኳ …» አለ። እውነቱን ነው፣ የራሱን አልነካም፤ እሾሁን ለቅሞ የጨረሰው ንጹሑ ሥጋ ፊቱ ተከምሯል።

«እኔ ልሙት፣ ይችን ብቻ። አፈር ስሆን።»

ጉርሻዋን ዘርግቶ ያዘ። እኛን አያይም ነበር። በእኛ አናት ላይ በሩን ነበር የሚያይ። አሁን ነው ያ የገባኝ፤ ሰውየው እያበላን አልነበረም፣ እያቆየን ነበር። ገመድ አላመጣም፣ ጠመንጃ አላመጣም። ያደግንበትን ነውር አወቀና በእሱ አሰረን። ጉርሻ የተዘረጋለት ሰው ጥሎ አይሄድም። የነጋዴዋ ልጅ አፉን ከፈተ፣ ሦስተኛዋ ገባች፣ ያን ጊዜ መኪናው ደጃፉ ላይ ጮኸ።

አብዮት ጠባቂዎቹ በፊት ለፊቱም በኋላውም በር ገቡ። ጓደኛየ ብድግ አለ፣ አንድ ነገር ሊል ፈለገ። አፉ ሙሉ ነበር። ጉንጩ አብጦ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ ቃል ሳይወጣው እጁን ጠመዘዙት። ሰው የመጨረሻ ቃሉን በእንጀራ ይታፈናል? እሱ ታፈነ። እኔ ጮህሁ፣ ምን እንዳልሁ አላስታውስም፤ አንዱ በሰደፍ ጎኔን አለኝ።

ሊቀመንበሩ በርሜሉ ጋ ነበር። ሳሙናዋን ከነሲባጎዋ ይዞ እጁን ያሻል። እስከ ክርኑ። ሲጎትቱን በአጠገቡ አለፍን፣ ቀና ብሎ እንዲህ አለን፦

«አይዟችሁ። ምሳችሁን በልታችኋል።»

ብስክሌቴ ግድግዳው ላይ እንደተደገፈች ቀረች።

ቀበሌው ግቢ የጓደኛየ እናት የልጃቸውን ሹራብ ይዘው መጡ። በአጥሩ በኩል አየናቸው፤ አላስገቧቸውም። ሊቀመንበሩ ወጣና አነጋገራቸው። ምን እንዳላቸው ኋላ እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። «አያስቡ፣ ጠግቦ ነው የሚሄድ። በእጄ ነው ያጎረስሁት» አላቸው። ማጽናናቱ ነበር። የራሱ የሊቀመንበሩ ልጅ ግን በነጋታው አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ ተላከ ሲባል ሰማን። ልጅ የለው መስሎህ፤ ነበረው እኮ። የእኛው እኩያ ነበረው።

ማሠልጠኛው ውስጥ ለትንሽ ጊዜ አብረን ነበርን። እዚያ የሚሰጡን ኮቾሮ፣ ያ የወታደር ደረቅ ብስኩት፣ ድንጋይ ነው፣ በጥርስህ ብትለው ጥርስህ ነው የሚወልቅ። አንድ ቀን ጓደኛየ ኮቾሮውን ድንጋይ ላይ መትቶ ሰበረው፤ ሳያስበው ሦስት ቦታ። ሦስቱን ስባሪ መዳፉ ላይ አድርጎ አያቸው።

«ይች የማን ናት?» አልሁት፣ ሦስተኛዋን።

«የእሱ ናታ።»

«የዚያ ውሻ ልጅ?»

«ተው» አለኝ። «እሱ ምን አጠፋ? እሱም እንደ እኛ ሳይበላ ነው የተነሣ።»

ኪሱ ውስጥ ከተታት። በሳምንቱ እሱን ወደ ሰሜን፣ እኔን ወደ ሌላ ግንባር ጫኑን። መኪና ላይ ሆኖ እጁን አፉ ላይ አድርጎ የማጉረስ ምልክት አሳየኝ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ሞተ ያለኝ የለም። አለ ያለኝም የለም። አብረውት ነበሩ የተባሉትን እየዞርሁ ጠይቄአለሁ፤ ሁሉም «የትኛው?» ነው የሚሉኝ።

እኔ መጣሁ። መጀመሪያ የሄድሁት ገበያ ነው። እናቱ ከጨርቁ መሀል ሆነው አዩኝ፣ ከኋላየ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ ብለው አሻግረው አዩ። አላለቀሱም። እጄን ያዙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ያን ቀን ምሳውን ጨርሶ ነበር?»

«አዎ» አልኋቸው። ይቅር ይበለኝ፣ ሌላ ምን ልበል። የራሱ ድርሻ፣ ለቅሞ ያጠራው፣ ትሪው ላይ ቀርቶ ነበር።

እንግዲህ ያ ሰውየ አሁን የት አለ ብትለኝ፣ አለ። መንግሥቱ ሲወድቅ ጥቂት ታስሮ ተፈታ። ካኪውን አውልቆ ነጭ ጋቢ ለበሰ፣ ጢሙን አሳደገ። ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ሆኖ ያስታርቃል፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ከፊት ይቆማል። ዓርብ ዓርብ ዓሣውን ይበላል።

ያን ጠረን የጠራኝን የመጀመሪያ ቀን ልጨርስልህ። ከፊቱ ካለው ጠረጴዛ ተቀመጥሁ። እትየ አርጅታለች፣ ዓይኗ ደክሟል፣ እኔን ግን በድምጼ አወቀችኝ። ብስክሌቴን ያን ሁሉ ዘመን ከምድጃዋ ኋላ በጆንያ ሸፍና አስቀምጣልኛለች። ዓሣ አዘዝሁ። ስታመጣው ሦስት ቦታ ለይታው ነበር። ማን እንደነገራት አላውቅም፤ እጇ ነው ያወቀ። የራሴን ድርሻ በላሁ። ሁለቱን ተውሁ። ዓይኔን ከእሱ ላይ አላነሣሁም። ጉርሻው ከአፉ ፊት ቆመ፣ እንደ ልማዱ፣ ግን አልገባም። ትሪው ላይ መለሰው፣ ተነሥቶ ሄደ።

በሳምንቱ አልመጣም። ሽሮዋ ቤት አገኘሁት። እዚያም ሦስት ሰው የሚበላውን አዝዤ ከፊቱ ተቀመጥሁ። ቅቅል ቤት ሄደ፣ ሄድሁ። ፓስታ ቤት ሄደ፤ ሹካውን አስቀምጦ ሲወጣ አየሁት። ብስክሌት አለችኝ፣ ከተማውን አውቀዋለሁ፣ ልጅ ሆኜ በሆዴ የለካሁት ከተማ ነው። ሰው ያማኛል። አንዳንዱ «አንተ ልጅ፣ ያለፈ አለፈ፣ ይቅር በል» ይለኛል። ለማን? ሦስተኛዋን ስባሪ ኪሱ የከተተው እሱ ይቅር ይበል፤ እሱ ይችልበታል። አምጡትና ይቅር ይበለው። እኔ ግን አልችልበትም።

ባለፈው ዓርብ ተመልሶ እትየ ቤት መጣ። የሚሄድበት አለቀበት። እኔም ገባሁ። ሁለታችን ብቻ ነበርን፣ ቆርቆሮው ጣ፣ ጣ ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

«እንብላ» አለኝ።

ሄጄ ትሪው ፊት ቆምሁ።

«ና ልጄ። ስንት ዘመን እንዲህ እንኖራለን? ታዝዤ ነው እኮ፤ ኮታ ሙላ፣ አለዚያ ራስህ ትሄዳለህ ነው ያሉኝ።» ጠቀለለና ዘረጋልኝ። አዋዜው በክንዱ ላይ ይወርዳል። «በሞቴ» አለኝ።

እትየ ምድጃዋ ላይ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። እኔ ቆሜ ያችን ጉርሻ አየኋት። ያን ዘመን ስንቴ በሞቴ አለን። እሱ አልሞተም፤ በሞቱ ምሎ ያጎረሰው ልጅ ነው የቀረ። አንዲት እናት ገበያ መሀል ተቀምጣ፣ ሰው ባለፈ ቁጥር አሻግራ ታያለች።

አፌን አልከፈትሁም። እጁ እስኪዝል፣ ዓሣው ከጣቱ እስኪወድቅ ቆምሁና ጠየቅሁት። አንተንም ነው፣ ኮታ ሙላ ብለው የላኩህንም ነው፣ ዛሬ ጋቢ ለብሳችሁ በየምግብ ቤቱ ጥግ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ የምትበሉትን ሁሉ ነው የምጠይቅ፦ የራስህን ልጅ ሳያጎርስ ከገበታ ያስነሣ እጅህ፣ የእሷን ልጅ እንዴት ብሎ አጎረሰ?